ዳገት ላይ የተቆለፉ ሽማግሌዎች

ከጣሊያን ከተመለስኩ ወዲህ እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ኦሬንጅ ፋርም ባለው ሱቄ መስኮት ላይ ዳቦ ብቻ ገዝቶ የሚሄድ የሀገሬ ልጅ ጠፍቷል። ዕቃ ሊጭኑ ሲያልፉ፣ እሑድ ከቤተክርስቲያን ስንወጣ፣ ታክሲ ውስጥ ሳይቀር፣ «ጋሽ ሉቃስ፣ እስቲ ያንን የአትክልት ቦታ ነገር ንገረን» ይሉኛል። ደጋግሜ ከማውራቴ የተነሳ ሰሞኑን ያልሆነ ነገር ስጨምርበት ራሴን ያዝኩት። ወሬው ከዚህ በላይ ሳያብጥ በጽሑፍ ላኑረው ብዬ ነው። አብዛኞቻችሁ የያዛችሁት የስደተኛ ወረቀት ከፕሪቶሪያ ስለማያሳልፋችሁ፣ እኔ እንደሄድኩላችሁ ቁጠሩት።

ጉዳዩ ባጭሩ ይሄ ነው። የአክስቴ ልጅ ጴጥሮስ፣ ከእኔ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ስፓዛ የሚሉት የሰፈር ሱቅ አለው፤ እንደ እኔው መኖሪያ ግቢ ውስጥ ሆኖ በብረት ፍርግርግ መስኮት ዱቄትና ሳሙና ይሸጣል። ሊያገባ የፈለጋት ሜሮን ደግሞ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ ፋርማሲስት ናት። የተዋወቁት ጆሃንስበርግ፣ ዮቪል ሰፈር ባለው ቤተክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ነው። ጴጥሮስ ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ማጉያው ግን የእሱ ስለሆነ ማንም ውጣ አላለውም።

የሜሮን እናት ካረፉ ቆይተዋል። አባቷ ጋሽ ማርቆስ እንደ እኛው የሆሳዕና ሰው ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ፍሎረንስ በምትባል የጣሊያን ከተማ፣ ዳገት ላይ ባለ ጥንታዊ የአትክልት ስፍራ አትክልተኛ ሆነው ይኖራሉ። ልጃቸውን ያስተማሩት ከዚያ ሆነው ነው። ልጅ ስትጠየቅ ሽማግሌ አባቷ ደጅ ይሄዳል፤ ደጁ ጣሊያን ከሆነ ጣሊያን ይሄዳል። በስልክ የሚጠይቅማ ሽማግሌ ሳይሆን ኢንሹራንስ ሻጭ ነው።

ችግሩ፣ ጋሽ ማርቆስ ገና ወሬው ጆሯቸው ሲገባ ቃላቸውን ሰጥተዋል፦ «ልጄን ብረት ውስጥ ለሚኖር ሰው አልሰጥም።» ሜሮን ደግሞ ያለ አባቷ ምርቃት አላገባም ብላለች። የእኛ ሥራ እንግዲህ በመካከል ገብቶ «አልሰጥም» ያለውን ሰው «እሺ» ማሰኘት ነበር።

ሽማግሌ ሦስት ነበርን፤ ኤምባሲው ሁለት አደረገን። የቀረነው እኔና ዶክተር ወንድሙ ነን። ዶክተር ወንድሙ የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ እዚህ ዩኒቨርሲቲ ስለ ውሃ ቧንቧ ያስተምራል። እኔ የተማርኩት ሜርካቶ ምናለሽ ተራና ጆሃንስበርግ መንገድ ዳር ነው። ሆኖም ቪዛ ሲሰጡን አንድ ላይ ሰጡን።

ሐሙስ

ሱቁን ለወንድሜ አስረክቤ ሻንጣዬን ሳወጣ፣ ጎረቤቴ ጎጎ ኖምሳ መስኮቱ ላይ ደረሰች። ጎጎ ማለት አያት ነው፤ እሷ ደግሞ እኔን ማሉሜ፣ አጎቴ ትለኛለች። በዕድሜ እናቴ ናት፣ ግን ዱቄት የሚሰጥ ሰው ሁሉ እዚህ አጎት ነው።

«ማሉሜ፣ ሙሽራ ልትጠይቅ ነው አሉ። ስንት ላም ይዘህ?»

«ላም የለም ጎጎ። አንድ ጋቢና ቆጮ ነው የያዝኩት።»

«ቆጮ ምንድነው?»

«ከተክል ሥር የሚሠራ ቂጣ።»

ጎጎ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «ለፋርማሲስት?» አለች፣ ራሷን እየነቀነቀች። «እሺ፣ ሂድ። ግን እንደዚህ ሆነህ ስትሄድ እንዳላይህ፣ ጫማህን ጥረግ።»

ጫማዬን ጠረግኩ። ዶክተር ወንድሙን ኤርፖርት ሳገኘው እሱ ደግሞ አዲስ ጫማ ገዝቶ አድርጓል፤ የሚያብረቀርቅ፣ ሹል። «ለጣሊያኖች ነው» አለኝ። አዲስ ጫማ አድርጎ መንገድ የሚወጣ ሰው ምን እንደሚያገኘው ዩኒቨርሲቲ አያስተምሩም መሰለኝ። አዲስ አበባ አውሮፕላን ስንቀይር ማነከስ ጀመረ።

አውሮፕላኑ ላይ ስንሄድ የሽምግልና ንግግሩን አነበበልኝ። ሦስት ገጽ ነው፤ አንዱ ገጽ ምሳሌያዊ አነጋገር ብቻ ነው። «ዶክተሬ፣» አልኩት፣ «ሰውዬው ይሄን ሁሉ ከሰሙ ልጅቷ ታረጃለች።» ተቀየመኝና መስኮቱን እያየ ተኛ።

ዓርብ

ሮም በጠዋት ገባን። ቆጮው ከሆሳዕና በሰው እጅ የመጣልን፣ በላስቲክ ላይ ላስቲክ የተጠቀለለ ነው፤ ሽታ ግን ላስቲክ አይከለክለውም። ሻንጣ የሚያሸት አንድ ውሻ ወደ እኔ መጣ፣ አንዴ በአፍንጫው ሳበ፣ ከዚያ ሻንጣዬ አጠገብ ቁጭ አለ። ያ ውሻ ቁጭ ሲል ጥፋት አገኘሁ ማለቱ ነው አሉ።

ፖሊሱ ላስቲኩን ፈታ፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተ፣ ቀና አለ። ዶክተር ወንድሙ በእንግሊዝኛ ስለ እንሰት አመራረት ማብራራት ጀመረ፤ እንዴት እንደሚፋቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚቀበር። መቀበር የሚለውን ሲሰማ ፖሊሱ አፍንጫውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው «ሂዱ፣ ሂዱ!» አለን። ውሻው ግን ሊለየን አልፈለገም። እስከ በሩ እየዞረ ያየን ነበር። ጣሊያን ውስጥ ቆጮ የወደደ የመጀመሪያው ፍጡር እሱ ነው።

ከሮም ፍሎረንስ በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ባቡሩ ሰው ሳይሞላ ይነሳል! እኔ ከለመድኩት የኦሬንጅ ፋርም ታክሲ፣ አሥራ አምስተኛው ሰው እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ከምንቀቀልበት፣ ይሄ ብክነት መሰለኝ። ባዶ ወንበር ባየሁ ቁጥር ወርጄ ሰው መጥራት አማረኝ።

ያረፍነው ሲኞራ ፒና የምትባል አሮጊት ያከራየችን ክፍል ውስጥ ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ዶክተር ደረጃውን በአንድ እግሩ ወጣ ማለት ይቻላል። ሲኞራ በሩን ከፍታ እግሩን ስታይ ሌላውን ሰላምታ ሁሉ ትታ «ኦ! ኦ!» እያለች የሟች ባሏን የቤት ነጠላ ጫማ አምጥታ አስጠለቀችው። ከዚያ ፓስታ።

እኔ ጣሊያንኛ አልችልም ብዬ ነበር የሄድኩት። ለካ ወጣትነቴን ጋራዥ ደጅ ስላሳለፍኩ የመኪናውን ግማሽ በጣሊያንኛ አውቀዋለሁ። ሲኞራ ሳህኔን ሦስተኛ ጊዜ ልትሞላ ስትል ጨነቀኝና፣ «ፍሬኖ፣ ሲኞራ! ፍሬኖ!» አልኳት። ማንኪያውን አየር ላይ አቆመች። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ወንበር ይዛ ሳቀች፣ ጎረቤቷን በመስኮት ጠርታ ነገረች፣ ጎረቤቷም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ምግብ ስትጨምር «ፍሬኖ?» ትለኛለች፤ ስፈልግ «ማርቻ!» እላታለሁ፤ ማርሽ አስገቢ ማለቴ ነው። ቆጮውን ፍሪጇ ውስጥ አስቀመጠችልን። አሽትታ፣ «የበግ አይብ?» የሚል ምልክት ሠራች። አዎ አልኳት፤ ማብራሪያውን ዶክተር እንዳይጀምር ነው።

ጋሽ ማርቆስን በስልክ አገኘናቸው። ድምፃቸው ለስላሳ ነው። «ነገ ሥራ ላይ ነኝ፤ የአትክልቱ ቦታ ኑ» አሉ። ቤታቸው ነው ሊጠሩን የሚገባው። ነገር አለ አልኩ በልቤ።

ቅዳሜ

ወንዙን ተሻግረን፣ የድንጋይ መንገዱን ወጥተን፣ አሥር ሰዓት ያልሞላ ጠዋት ላይ እዚያ ደረስን። በአውሮፓ ሰዓት ነው የምቆጥረው፤ በእኛ አራት ሰዓት። ዶክተር በነጠላ ጫማው መምጣት ለሽማግሌ ነውር ነው ብሎ ሹሉን ጫማ መልሶ አጥልቋል። ስማችን በሩ ላይ ተጽፎ ጠበቀንና ያለ ትኬት ገባን።

ጋሽ ማርቆስ አጠር ያሉ፣ የገለባ ባርኔጣ ያደረጉ፣ መቀስ ወገባቸው ላይ የሻጡ ሰው ናቸው። በሀድይኛ ሰላም አሉኝ፤ ዶክተር እንዳይቀር ወዲያው ወደ አማርኛ ዞርን።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ደክሟችኋል፤ አረፍ በሉ» አሉና የድንጋይ ወንበር አሳዩን።

«ቆመን ይሻለናል፣ ጋሼ» አልኩ።

ፈገግ አሉ። እኔም ያን ጊዜ ገባኝ። ለማያውቅ ልንገረው፦ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት አይቀመጥም፣ እህል አይቀምስም። ከተቀመጠ እንግዳ ሆነ፤ እንግዳ ደግሞ ይጋበዛል፣ ይመሰገናል፣ ይሸኛል፣ በቃ። ጋሽ ማርቆስ ቤታቸውን ትተው በየሃያ እርምጃው ወንበር ያለበት ዳገት ላይ የቀጠሩን እኛን ለማስቀመጥ ነው! እኔ አሥራ አራት ዓመት ነጋዴ ነኝ፤ እንዲህ ያለ የገበያ ቦታ አመራረጥ አይቼ አላውቅም።

«እሺ፣ እየዞርን እንጫወት» አሉና መውጣት ጀመሩ።

ዳገት ነው ስላችሁ ዳገት ነው። ደረጃው መሐል ለመሐል ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ግራና ቀኙ የተከረከመ አጥር፣ በየዕረፍቱ ጽጌረዳ፣ አፍንጫ የሌላቸው የድንጋይ ሴቶች። በአንዱ በኩል ረጅም የአበባ ዋሻ አለ፤ ከላይ ወይን ጠጅ አበባ እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ ራስህን ይነካሃል። ቀለሙ የጆበርግ ጃካራንዳ ነው። ልዩነቱ የእኛ ጃካራንዳ አስፋልት ላይ ወድቆ ሰው ያንሸራትታል፤ ይሄኛው እዚያው ላይ ሆኖ ይሸታል። እዚያ ውስጥ ስገባ ዝም ብሎ ሳቅ ሳቅ አለኝ። ዕድሜዬ አርባ ስምንት ነው፤ አበባ ለመንካት ብዬ ስዘል ሰው አይቶኛል።

«እዚህ ጋ ቁጭ ካላሉ ሽታው አይገባም» አሉ ጋሽ ማርቆስ፣ ወንበር እያሳዩ።

«በቁሜም እየገባኝ ነው» አለ ዶክተር፣ ጥርሱን ነክሶ።

ሌላ ደረጃ። ሌላ ወንበር።

«ጉዳያችንን ብንናገር ጋሼ...»

«ተቀምጣችሁ ተናገሩ እንጂ።»

«ተናግረን እንቀመጣለን።»

«ታዲያ እንውጣ።»

አንድ ቦታ የፏፏቴ ገንዳ አገኘን። ዶክተር ውሃው ያለ ሞተር ከየት ግፊት እንዳገኘ ለማየት ጎንበስ ሲል፣ ቂጡ ወደ ገንዳው ጠርዝ መውረድ ጀመረ። ኮቱን ይዤ ጎተትኩት። «ዶክተር! ልጅቷን ልታሳጣን ነው!» አልኩት። «ቧንቧው እኮ የሸክላ ነው፣ ሉቃስ...» አለኝ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። የቧንቧው ፍቅር ይሁን የጫማው ሕመም አላውቅም።

ጫፍ ላይ ከተማዋ ታየች፤ ቀይ ጣራ በቀይ ጣራ፣ መሐሉ ላይ እንደ ግልብጥ ድስት የተደፋ ትልቅ ጉልላት። ሦስታችንም ቆመን አየን። ጋሽ ማርቆስ ደክሟቸዋል፤ እሳቸውም በእኛ ምክንያት አልተቀመጡም። በመጨረሻ «እንግዲያው ሥራዬን ልሥራ፤ ሎሚዎቹን ላጠጣ» አሉና ወደ ጎን ወደሚገኝ ግቢ ወሰዱን።

የሎሚው ቤት ረጅም፣ ባለ ትልልቅ መስኮት ክፍል ነው። ሎሚዎቹ ሰው የሚያህል የሸክላ ማሰሮ ውስጥ ተተክለው ክረምቱን እዚያ ያሳልፋሉ፤ ብርድ ስለሚገድላቸው። ፊት ለፊቱ ትንሽ ግቢ፣ ግቢው ላይ የብረት በር፣ በሩ ላይ የተከፈተ ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ጋሽ ማርቆስ ጃኬታቸውን ከበሩ ውጭ ካለ ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉና ገቡ። ዶክተር ገባ። እኔ መጨረሻ ገባሁና፣ ጠቅ!

ቆለፍኩት።

ሱቅ ያለው የሀገሬ ልጅ ሁሉ ይሄ የሚገባው ይመስለኛል። መጨረሻ የገባ ይቆልፋል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከኋላዬ በር ክፍት ትቼ አላውቅም፤ እጄ እኔን ሳያማክር ነው የሚቆልፈው።

ጋሽ ማርቆስ በድምፁ ዞር አሉ። «ምን አደረግህ?»

«ቆለፍኩ፣ ጋሼ።»

«ለምን?»

ጓጉንቸሩን ጎተት ጎተት አደረግኩት።

«ቁልፉ የት ነው?» አለ ዶክተር።

ጋሽ ማርቆስ በጣታቸው በፍርግርጉ ውስጥ ጃኬታቸውን አሳዩን። ቁልፉ እዚያ፣ ስልካቸው እዚያ፣ ምሳቸውም እዚያ። በመጥረጊያ እንጨት ልንስበው ሞከርን፤ ጃኬቱ ወድቆ ጭራሽ ራቀ። ሌላ ቁልፍ ያለው የሥራ ባልደረባቸው ምሳ ሄዷል። ስልክ ቁጥሩን በቃላቸው አያውቁትም፤ ቢያውቁትም፣ «እዚህ ሀገር ሰው ምሳ ላይ እያለ አይጠራም» አሉን።

ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «እኔ ያልኩት ይሄንን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ገነት የመሰለ ቦታ አስገባኋችሁ፤ ገብታችሁ ቆለፋችሁ። ልጄ እንዲህ እንድትኖር ነው የምትጠይቁኝ?»

ጉዳያችን እዚያ ላይ የሞተ መሰለኝ። በገዛ እጄ።

በዚያው ደቂቃ አንድ ቀይ ፊት ቱሪስት ፍርግርጉ ጋ መጥቶ ጣቱን አነሳ፤ የሚጠይቀው ነገር አለ። እኔ፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ብረቱን እንደ ያዝኩ «ዬስ፣ ማይ ፍሬንድ! ምን ልስጥህ?» አልኩት። ከፍርግርግ ወዲያ ሰው ቆሞ ሳይ ከአፌ የሚወጣው ይሄ ብቻ ነው። ሰውዬው ሽንት ቤት ነው የጠየቀው። ዶክተር በዚያው የሚከፍትልን ሰው እንዲጠራ በእንግሊዝኛ ለመነው፤ እሺ ብሎ ሄደ፣ መጀመሪያ ግን ፎቶ አነሳን።

ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ማርቆስ ሳቃቸው እያመለጣቸው ባርኔጣቸውን አፋቸው ላይ ይዘዋል። ስቀው ሲጨርሱ የተደፋ ማሰሮ ላይ ተቀመጡ። «አሁን የምሄድበት የለኝም። ቆማችሁም ቢሆን ተናገሩ» አሉ።

ዶክተር ሦስቱን ገጽ አወጣ። ሁለተኛው ምሳሌ ላይ ሳይደርስ እጃቸውን አነሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ሴት ልጅ አለችህ?»

«አለችኝ። ሰባት ዓመቷ ነው።»

«ለሱቅ ልጅ ትድራታለህ? እውነቱን።»

እኔ የትናንት ዳቦ የዛሬ ነው ብዬ ሸጬ አውቃለሁ። መሸጥ ያቃተኝ ያን ጊዜ ነው። «አልድርም» አልኩ።

«ሉቃስ!» አለ ዶክተር። ወረቀቱ ከእጁ ወደቀ።

«ታዲያ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ሜሮን ስለላከችኝ ነው።»

«ጴጥሮስ ነው የላካችሁ።»

«ጴጥሮስማ እርስዎን ፈርቶ ተወው ብሎኝ ነበር። ሜሮን ናት። ከሥራዋ ሦስት ታክሲ ቀይራ ሱቄ ድረስ መጣች፣ ከደንበኛ ጋር ተሰልፋ። ‹አባቴ ጋ ሂድልኝ› አለችኝ። ሴት ልጅ ሽማግሌ አትልክም፣ ነውር ነው፣ ሂጂ አልኳት። በሳምንቱ መጣች። መለስኳት። ሦስተኛ ስትመጣ መስኮቱን ልዘጋ ስል ‹ዳቦ ስጠኝ› አለች። ዳቦ ለጠየቀ ሰው አይዘጋም፤ ሰጠኋት። ዳቦውን ታቅፋ፣ ‹አሁን ደንበኛ ነኝ፤ ስማኝ› አለችኝ።»

«ምን አለችህ?»

«የጴጥሮስ ሱቅ የተዘረፈ ቀን መጀመሪያ የደወለው ለእሷ ነው። ‹ዛሬ ወደዚህ እንዳትመጪ፤ መንገዱ ጥሩ አይደለም› ብሎ ብቻ ዘጋ። መዘረፉን የሰማችው ከሰው ነው። ‹እንዲህ ያለ ሰው ሌላ ካለ አባቴ ያሳየኝ› አለች። እኔ ስለ ሰፈሩ ምንም ላባብልዎት አልችልም። ብረቱም እውነት ነው። የመጣሁት ግን ለዚህ ነው።»

ጋሽ ማርቆስ የሎሚ ቅጠል ቆርጠው በጣታቸው ማሸት ጀመሩ።

«ሦስት ጊዜ መጣች?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሜሮን እኔን አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ጠይቃኝ አታውቅም። ጫማ ትለኛለች፤ ሳልልክ ከቀረሁ ዝም ትላለች። ዝምታዋ ነበር የሚገድለኝ።» ቅጠሏን ጣሏት። «አፈሩ ምን ዓይነት ነው?»

«የቱ አፈር?»

«እናንተ ጋ ያለው።»

ወደ ዶክተር ዞርኩ። የምኖርበት ሰፈር ስሙ፣ ኦሬንጅ ፋርም፣ የብርቱካን እርሻ ማለት ነው፤ እኔ በአሥራ አራት ዓመት አንድ ጭብጥ አፈሩን አንስቼ አላውቅም። ዶክተር ስልኩን አውጥቶ ጴጥሮስ ጋ ደወለና ድምፁን ከፍ አደረገው። ቅዳሜ ቀትር፣ ሰልፉ እስከ መንገድ የሚደርስበት ሰዓት ነው።

«ጴጥሮስ፣ ግቢህ ያለው አፈር ምን ዓይነት ነው?» አልኩት።

«አቤት?»

«አፈሩ! የምትረግጠው!»

ለምን ብሎ አልጠየቀም። «ዋን ሚኒት!» ሲል ሰማነው ለደንበኞቹ። ሰንሰለት ተንኳኳ፣ የብረቱ በር አቃሰተ። ከዚያ የመጫር ድምፅ።

«ቀይ ነው ጋሽ ሉቃስ። ጠጠር አለው። ጣቴን ሳስገባ ከሥር ትንሽ ይጠቁራል።»

ጋሽ ማርቆስ ወደ ስልኩ ተጠጉ። «ውሃ ሲፈስበት ይተኛል ወይስ ይሰርጋል?»

«ይቆዩኝ፣ ላፍስስበት።» ጥቂት ቆየ። የጎጎ ኖምሳ ድምፅ መጣ፤ ልጁ ሱቁን ትቶ መሬት ላይ ተንበርክኮ ምን እንደሚያደርግ እየጠየቀች ነው። «ቀስ ብሎ ይሰርጋል» አለ ጴጥሮስ።

«ሱቁን ማን እየጠበቀ ነው?»

«ማንም። ክፍቱን ነው... ጋሽ ሉቃስ፣ የሚጠይቀኝ ማን ነው?»

«ወደ ሱቅህ ግባ» አሉት ጋሽ ማርቆስ፤ ዶክተር ስልኩን ዘጋው።

ባልደረባቸው ከምሳ መጥቶ ሲከፍትልን፣ ማን እንደቆለፈው ሰምቶ በሩን ተደግፎ ሳቀ። «ጋሼ፣ መልሳችንስ?» አልኳቸው ስንወጣ።

«ሜሮንን አፈሩን ጠየቀ በሏት።»

«ይሄ እሺ ነው ወይስ እምቢ?»

«እሷ ታውቃለች። አሁን ሰምቻችኋለሁ፤ ተቀመጡ።»

ተቀመጥን። ዶክተር ሁለቱንም ጫማ አውልቆ ያሰማው እፎይታ አጠገባችን የነበሩ ርግቦችን አስነሳ።

እሑድ

ጋሽ ማርቆስ ቤታቸው ጠሩን፤ ሲኞራ ፒናንም ይዛችኋት ኑ አሉ። ሁለት ክፍል ቤት ነው፤ መስኮቱ ሁሉ ላይ ችግኝ አለ። ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ምሳውን በሙሉ እንደለበሱት በሉ። ቆጮውን ሲኞራ በወይራ ዘይት ጠብሳ አመጣችው፤ በክትፎ በላነው። ሆሳዕና ያላችሁ ዘመዶቼ ይቅር በሉኝ፣ ይጥማል።

ዶክተር ስለ ሸክላ ቧንቧ ሲያወራ ዋለ። እኔ ግን በልቼም አልጠገብኩ። መልሱን አራት ጊዜ ጠየቅኩ፤ አራት ጊዜ ስለ ሎሚ ነገሩኝ። ሽማግሌ ሄዶ «አፈሩን ጠየቁ» ብሎ ሲመለስ በሀገራችን ታሪክ ተሰምቶ አይታወቅም። በእኔ ቁልፍ ምክንያት በጨዋ ደንብ እምቢ ያሉን ቢሆንስ?

ሰኞና ማክሰኞ

ሲኞራ ለዶክተር የባሏን ነጠላ ጫማ መረቀችለት። ሹሉ ጫማ ሻንጣ ውስጥ ሆኖ፣ ዶክተር በነጠላ ጫማ ሮምን፣ አዲስ አበባን፣ ጆሃንስበርግን ረገጠ። ኢሚግሬሽን ያለችው ሴት እግሩን አይታ «ዌልካም ሆም» አለችው።

ሜሮንና ጴጥሮስ መውጫው ላይ ቆመዋል። ጴጥሮስ ሱፍ ለብሷል፤ ፊቱ ግን ሱቁ እንደገና የተዘረፈ ይመስላል።

«አባዬ ምን አለ?» አለች ሜሮን፣ ሰላም ሳትለን።

«መጀመሪያ ስለ ፏፏቴው...» ብሎ ዶክተር ጀመረ።

«ጋሽ ሉቃስ!»

«‹አፈሩን ጠየቀ በሏት› አሉ። ሌላ አልተናገሩም። ጴጥሮስ ከሱቅ ወጥቶ በጣቱ ቆፈረ፣ ውሃ አፈሰሰ፣ ነገራቸው።»

እጇን አፏ ላይ አደረገች። የሻንጣ ጋሪዬ ላይ ተቀመጠች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ጴጥሮስ አጠገቧ ጎንበስ አለ። «እምቢ አለ?» አለ። «ሜሪዬ፣ እምቢ አለ?»

ቀና ስትል እየሳቀች ነው። «አባዬ ጣሊያን እንደገባ ለእማዬ የላከው ደብዳቤ አለኝ። ስለ ራሱ አንድ መስመር ነው፤ የቀረው ስለ አፈሩ ነው። የማይኖርበትን፣ የማይተክልበትን ቦታ አፈር አይጠይቅም። እሺ ብሏል! ሊመጣም ነው!»

እልልታዋ ጣሪያውን መታው። ወለል የምታጸዳ አንዲት የዙሉ ሴት ለምን እንደሆነ ሳታውቅ መጥረጊያዋን አቁማ ተቀበለቻት፤ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሻንጣ ጫኞቹ በፉጨት። ዶክተር ወንድሙ በነጠላ ጫማው ዘለለ።

ጴጥሮስ ብቻ ባለበት ቆሞ እያሰበ ነው። እጄን ያዘኝ።

«ጋሽ ሉቃስ፣ አካፋ የት ይሸጣል?»

«እኔ ጋ» አልኩት። «ነገ አስመጣለሁ።»